ኢትዮጵያ በየትኛው ክፍለ ዓለም ትቈጠራለች?
ከኮልፌ ቀራንዮ በመነሣት የቀረበ ሐተታ

እንግሊዞች ከዶቨር ወደብ ተነሥተው ወደ ፈረንሳይ አገር በሚሻገሩበት ጊዜ «ወደ አውሮፓ እንሄዳለን» ማለት የቈየ ልማዳቸው ነው። ባሕሩ በጠባቡ በኩል ከ34 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ከ8 ሺህ ዓመት ገደማ በፊትም ደሴቲቱ ከዋናው ምድር ጋራ በየብስ የተያያዘች እንደ ነበረች የምድር ጥናት ሊቃውንት ይናገራሉ። ጄኔራል ደጎል በ1963 እና በ1967 ብሪታንያ ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበር እንዳትገባ ሲከለክሉ ከምክንያታቸው አንዱ ጠባይዋና ንግዷ የደሴትና የባሕር አገር ነው የሚል ነበር። በ1973 ገባች፤ በ2016 ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ በ2020 ዓመት ጥር 31 ቀን ወጣች። ከማኅበሩ መውጣቷ ከክፍለ ዓለሙ አላወጣትም፤ በካርታውም ላይ አንዲት ክንድ እንኳ ፈቀቅ አላደረጋትም። ነገር ግን የአገሩ ሰው «አውሮፓ» ሲል ራሱን ከቍጥሩ ያስገባል ወይስ ያስወጣል የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም።

ይህ ጠባይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ «አፍሪቃውያን መጡ» ወይም «አፍሪቃ ደርሶ ተመለሰ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ተናጋሪው ከተማው በአፍሪቃ መካከል መሆኑን ሳይረሳ፥ የአፍሪቃም ኅብረት ጽሕፈት ቤት በዚያው ከተማ መሆኑን እያወቀ፥ በአነጋገሩ ራሱን ከጠቀሰው ወገን ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚህ በታች የምንመረምረው ይህ አነጋገር ከወዴት እንደ መጣና ምን እንዳስከተለ ነው። የዘመኑ ቍጥር «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የዓለም ባንክ ለመኖሪያ ቤቶች ሥራ ካበደረው ገንዘብ ጋራ ተያይዞ የወጣ መሆኑን የአካባቢው ሰዎች ይናገራሉ። በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ላይ ብቻ ሦስት ዓለም ተደራርቦ ይገኛል፤ ኮልፌ የአገሩ ስም ነው፤ ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት የኢየሩሳሌም ኰረብታ ስም ነው፤ ዓለም ባንክ ደግሞ በዋሺንግቶን ከተማ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ስም ነው። ስለ ኢትዮጵያ ወገን የተነሣው ክርክር በሙሉ በእነዚህ በሦስቱ ስሞች ውስጥ ተጨምቆ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከመጨረሻው እንጀምር። ኢትዮጵያ በ1944 ባንኩን ለማቋቋም በብሬተን ውድስ ከተሰበሰቡት 44 መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ከአፍሪቃ ምድር ከእርሷ ጋራ የተገኙት ግብጽ፥ ላይቤርያና የደቡብ አፍሪቃ ኅብረት ብቻ ነበሩ። በ1950 ዓመት በመስከረም ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር፥ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር ስትበደር ባንኩ ለአፍሪቃ አገር ሲያበድር የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪቃ ትቈጠራለች። ጅቡቲ ግን በዚያው መዝገብ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪቃ ጋራ ተመድባለች። በአዲሱ ምድር ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መንገደኛ በደወሌ ድንበሩን ሲሻገር፥ ያው በረሃ፥ ያው ግመል፥ ያው የሱማሌና የአፋር ሕዝብ በግራ በቀኙ እያለ፥ በባንኩ አቈጣጠር ከአንድ የዓለም ክፍል ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። የእኅቱ መሥሪያ ቤት የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሱዳንንና ሱማሌን ጭምር ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋራ ይመድባል።

ይህ መዛነቅ ትናንት የመጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በካይሮ ያቋቋሙት የመካከለኛው ምሥራቅ የስንቅና የዕቃ ማእከል ኢትዮጵያንም በክልሉ ውስጥ ይጨምር ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም እስከ 1958 ድረስ አፍሪቃን ከቅርብ ምሥራቅና ከደቡብ እስያ ጋራ በአንድ ቢሮ ሥር ይዞ ነበር። የክፍለ ዓለም ወሰን የተፈጥሮ ነገር ቢመስልም ቅሉ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሠመረው በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

የቀደሙት ጸሐፊዎች ግን ወሰኑን በወንዝ ያደርጉት ነበር። ከጥንት የግሪክ መልክአ ምድር ጸሐፊዎች ብዙዎቹ እስያንና ሊብያን፥ ማለት አፍሪቃን፥ የሚለየው ዓባይ ነው ይሉ ነበር። ሄሮዶቱስ በዚህ ሐሳብ ይሣለቃል፤ ወሰኑ ወንዙ ከሆነ በሁለት ክንዶቹ መካከል ያለው የታችኛው ግብጽ ከሁለቱም ሳይሆን ሊቀር ነው ሲል ይሞግታል። ሐሳቡ ግን ሺህ ዓመት አልፎ ኖረ። ከዓባይ ምሥራቅ ያለው ሁሉ እስያ ከሆነ ኢትዮጵያም እስያ ናት፤ እስያም በሩቁ «ህንድ» ተብላ ትጠራ ነበር። ስለዚህ ሩፊኖስ የአባ ሰላማን ወደ አክሱም መምጣት ሲጽፍ አገሩን ህንድ ይለዋል፤ ማርኮ ፖሎም ሐበሻን መካከለኛው ህንድ ብሎ ይጠራል። አውሮፓውያን ቄሱ ዮሐንስ የሚሉትን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ ሲፈልጉ ቈይተው በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ማዛወራቸው በካርታ ረገድ ትልቅ ጕዞ አልነበረም።

የእኛም መጻሕፍት ከዚህ የሚመሳሰል ወሰን አላቸው። በሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቈየው መጽሐፈ ኩፋሌ ምድር ለኖኅ ልጆች ስትከፈል የሴምን ዕጣ እስከ ግዮን ወንዝ ያደርስና ከግዮን ወዲያ በደቡብ ያለውን ለካም ይሰጣል። ግዮን ደግሞ በሊቃውንቶቻችን ትርጓሜ ከሰከላ ከግሽ ዓባይ የሚመነጨው ዓባይ ነው። ይህን ቃል በቃል የያዘ ሰው በጌምድርን ለሴም፥ ወለጋንና ሸዋን ለካም ሊሰጥ ነው። ጎጃምን ወዴት እናድርገው? ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፥ በደቡብና በምዕራብ ይዞረዋልና፥ ሄሮዶቱስ ስለ ታችኛው ግብጽ ያነሣው ቀልድ ለጎጃምም ያገለግላል። አዲስ አበባ ራሷ ከእንጦጦ ሥር ናት፤ የእንጦጦ ተራራ ደግሞ የውኃ መለያ ነው። በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ ሲሄድ በስተደቡብ፥ በኮልፌም በዓለም ባንክም በኩል የወረደው፥ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከማናቸውም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

የዛሬዎቹ የምድር ጥናት ሊቃውንት ወሰኑን በወንዝ ሳይሆን በስንጥቅ ሸለቆ ያደርጉታል። የዐረብ ምድር ከአፍሪቃ ተለይቶ ቀይ ባሕር እንደ ተከፈተ ሁሉ፥ ከስምጥ ሸለቆ ምሥራቅ ያለው ምድርም በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየራቀ ነው። በ2005 ዓመት በመስከረም በአፋር በደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ተከፍቶ በአንዳንድ ቦታ ምድሩ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። በዚህ አቈጣጠር ሐረርና ባሌ አንድ ወገን፥ ጎጃምና ወለጋ ሌላ ወገን ናቸው። ነገር ግን ከዚህ የፖለቲካ ወይም የባሕል ፍርድ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ሚሊዮን ዓመት መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ቀራንዮ እንምጣ። የመንፈስ ካርታችን መካከል ለረጅም ዘመን ኢየሩሳሌም ናት። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ዮርዳኖስ ይፈሳል፤ ጎልጎታ አለ፤ ደብረ ዘይትም አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት ተጠናቅሮ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ዓለምን ለሮም ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሥ ሲያካፍል «አፍሪቃ» የምትባል ክፍል ሊያስብ ከቶ አይፈልግም። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሰዎች፥ የውጭ አገር ሊቃውንትም ጭምር፥ ኢትዮጵያ በመንፈሷ የምሥራቅ ሴማውያን እንጂ የአፍሪቃ አይደለችም ብለዋል። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ ኢትዮጵያን በዋናነት የሴም ቋንቋ ከሚናገረው ከሰሜኑ ደጋ በኩል ተመልክቷታል። ጥናቱ ትልቅ ዋጋ ያለው ነው፤ የመመልከቻው መስኮት ግን ጠባብ ነበር።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሦስት ነገሮች እናያለን። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው። ኢየሩሳሌም በጸሎትና በተሳላሚነት ትፈለግ ነበር እንጂ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስከ ተሾሙ ድረስ፥ 16 መቶ ዓመት ያህል የሥልጣነ ክህነቱ ምንጭ የአፍሪቃ ከተማ ነበረች። የማርቆስ መንበር ግብጽን፥ ኖባንና ኢትዮጵያን በአንድ ጥላ ሥር ይዞ ሲኖር ይህ የዓባይ ሸለቆ ክርስትና እንጂ የሌላ ክፍለ ዓለም ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የቋንቋ ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 ባወጣው መጽሐፍ የሴምን ቋንቋዎች ከጥንታዊው ግብጽ፥ ከበርበር፥ ከኩሽና ሐውሳን ከሚያጠቃልለው ከቻድ ቋንቋዎች ጋራ በአንድ ቤተ ዘመድ ሰብስቧል፤ ኋላም የኦሞ ቋንቋዎች ራሳቸውን የቻሉ ቅርንጫፍ ናቸው ተብለዋል። ከእነዚህ ቅርንጫፎች ከአፍሪቃ ውጭ የዘለቀው የሴም ብቻ ነው። ስለዚህ «ሴማዊ ነኝና አፍሪቃዊ አይደለሁም» የሚል ሰው «የበኵር ልጅ ነኝና የአባቴ ቤት አይደለሁም» እንደሚል ነው። አማርኛችንም ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማድረጉ ከግእዝ የወረሰው ሳይሆን ከአገውና ከሌሎቹ የኩሽ ቋንቋዎች ጋራ ኖሮ የያዘው ጠባይ ነው። ቋንቋን ከደም፥ ደምንም ከምድር ጋራ ማምታታት ስሕተት መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ስሕተቱ ተስፋፍቶ ስለሚገኝ ዝም ማለት አልተቻለም።

ሦስተኛውን በኮልፌ ገበያ ማየት ይቻላል። ጉራጌ ቋንቋው ሴማዊ ነው፤ ምግቡ ግን ቆጮ ነው፤ ቆጮም የሚሠራው ከእንሰት ነው። እንሰት ከዱሩ ተወስዶ የቤት ተክል ሆኖ የሕዝብ ዋና ምግብ የሆነው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን ጥናት በእንሰት ባሕል ስም የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሕዝብ ፊት የቋንቋው መዝገብ ወደ ምሥራቅ፥ የጓሮው ተክል ከሲዳማና ከከፋ ጋራ ወደ ደቡብ ይጠቁማል። ጉራጌን «ሴማዊ» ብለን በአንድ ቃል ከጨረስነው የሕይወቱን እኩሌታ ጥለነዋል። ጤፍና ኑግም ከባሕር ማዶ የመጡ ሳይሆኑ የዚሁ ምድር ግኝቶች ናቸው።

በፖለቲካ ረገድ ነገሩ ከዚህ የከረረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. በሚያዝያ ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት የታወቀ ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረመኔ መካከል እንዳለች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ያቀርቧታል። ይኸው ደብዳቤ ግን ኃያላኑ አፍሪቃን ሲከፋፈሉ ዝም ብለው እንደማይመለከቱ ያስታውቅና የግዛታቸውን የጥንት ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ይዘረጋዋል። ደሴት ነኝ ያለ መንግሥት በዚያው ወረቀት ስለ አፍሪቃ ዕጣ ተካፋይ መሆኑን ማስታወቁ ነው። ሁለቱ ቃላት ይቃረናሉ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ለአውሮፓ አንባቢ የተጻፈ የዲፕሎማሲ ቃል መሆኑን ካስታወስን የሚያስደንቅ ሆኖ አናገኘውም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌላ ታሪክ ነው። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሃይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ምኒልክን የጥቁር ሕዝብ ማኅበር መሪ እንዲሆኑ በለመናቸው ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን አመስግነው እርሳቸው ግን ከጥቁር ዘር ሳይሆን «ካውካሳዊ» መሆናቸውን መለሱ ይላል። ይህ ወሬ እንደ ማስረጃ ከመያዙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። «ካውካሳዊ» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ አማርኛ አልነበረም፤ ታዲያ ምኒልክ የተናገሩት ቃል የትኛው ነው? በአማርኛ «ቀይ»፥ «ጠይም»፥ «ጥቁር» የሚባሉት ከአንድ እናት በተወለዱ ልጆች መካከል እንኳ የሚለዩባቸው የመልክ ስሞች ናቸው፤ «ባሪያ» ደግሞ የመልክ ሳይሆን የሎሌነት ስም ሆኖ ሳለ በመልክ ላይ የተለጠፈ ነው። ሲልቬን የጥቁር ሰው ክብር ብሎ የተናገረው በአስተርጓሚ አፍ በእነዚህ በአንዱ ቃል ተተርጕሞ ከሆነ፥ መልሱ ለሲልቬን ሐሳብ ሳይሆን ለአስተርጓሚው ቃል የተሰጠ ይሆናል። ይህን ስንል በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በመልክና በዘር የመኵራራት ነገር አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ነበረ፤ ባሪያም ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ከአንድ መንገደኛ መጽሐፍ ተነሥቶ የአንድ ሕዝብ እምነት ይህ ነው ማለት ግን አይገባም።

በ1935 ኢጣልያ ስትወረን ጥያቄውን ሌሎች መለሱልን። በለንደን እነ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፥ እነ ጆሞ ኬንያታ ስለ ኢትዮጵያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ክዋሜ ንክሩማ የወረራውን ዜና በለንደን ጎዳና ባነበበ ጊዜ የተሰማውን በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ማርከስ ጋርቬይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ ለይተዋል ብሎ በመጽሔቱ በብርቱ ወቀሳቸው። ወቀሳውን በተግባር የመለሰው ዶክተር መላኩ በያን ነው፤ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፥ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፥ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ። በ1940 በወጣትነቱ ሲሞት ነጻነትን አላየም።

ከነጻነት በኋላ የመጣው በፍጥነት ሊነገር ይችላል፤ የ1955 የባንዱንግ ጉባኤ፥ በ1958 በአክራ የስምንቱ ነጻ መንግሥታት ስብሰባ፥ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪቃ የኢኮኖሚ ኮሚሲዮን፥ በ1960 ከላይቤርያ ጋራ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ በዓለም ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ፥ በመጨረሻም በ1963 ግንቦት 25 ቀን በአፍሪቃ አዳራሽ የተፈረመው የአንድነት ድርጅት ቻርተር። ረጋ ብለን ልናየው የሚገባን ግን የ1962 ዓመት ነው። በጥር ኢትዮጵያ የአፍሪቃን ዋንጫ በአዲስ አበባ ግብጾችን 4 ለ 2 አሸንፋ ወሰደች። በየካቲት የምሥራቅ፥ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪቃ የነጻነት ንቅናቄ ጉባኤ በዚሁ ከተማ ተሰብስቦ ኢትዮጵያን አባል አደረገ። ከአገሩ በስውር ወጥቶ በዚህ ጉባኤ የተናገረ አንድ የደቡብ አፍሪቃ ጠበቃ ነበር፤ ኔልሰን ማንዴላ ይባላል።

ማንዴላ ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈር አብራሪው ጥቁር ሰው መሆኑን አይቶ መደንገጡን፥ ወዲያውም በገዛ አሳቡ ማፈሩን ጽፏል። የኢትዮጵያ ጕብኝት ፈረንሳይን፥ እንግሊዝንና አሜሪካን በአንድነት ከማየት ይልቅ ይስበው እንደ ነበርም ይናገራል፤ ወደ አፍሪቃዊነቱ ሥር የሚመለስ መስሎ ተሰምቶታልና። በክረምቱ ተመልሶ የመጣው ወደ ኮልፌ ነው። በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ተኩስ፥ ፈንጂ ማጥመድና የረጅም መንገድ ጕዞ ተማረ፤ ስለ ጦር ጥበብ ያስተማረው ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበር። ትምህርቱ ስድስት ወር ሊሆን ታስቦ፥ ራሱ እንደ ጻፈው፥ ከስምንት ሳምንት በኋላ ከአገሩ ተጠራ። ነሐሴ 5 ቀን ተያዘ።

ከዚህ ሰፈር ሆኖ ኢትዮጵያ ከአፍሪቃ ናትን ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነገር ይመስላል። ጥያቄው ግን በውጭ ሲዘጋ በውስጥ ሌላ በር ነበረው። «እኛ ሴማውያን ነን» ሲባል ከአገሩ ሰዎች እጅግ የሚበዛው፥ ኦሮሞው፥ ሲዳማው፥ ወላይታው፥ ጋሞው፥ ከዚያ «እኛ» ውጭ ይቀር ነበር። ኢትዮጵያ አፍሪቃዊት አይደለችም ማለት ለውጭ ሰው ሲነገር የክፍለ ዓለም ነገር ይመስላል፤ በአገር ውስጥ ሲነገር ግን ከኢትዮጵያውያን ዋናው ማን ነው፥ ተጨማሪው ማን ነው የሚል ፍርድ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አመለካከት ትቶ የአገሩን ሕዝቦች በረጅም ዘመን መተሳሰራቸው ለመመልከት መሞከሩ ክርክሩን ከነበረበት አንሥቶታል፤ ብዙዎች በሌላ ምክንያት ቢነቅፉትም።

ታደሰ ብሩ ኦሮሞ ነበር። ማንዴላን ካስተማረ በኋላ ጄኔራል ሆኖ በሜጫና ቱለማ ማኅበር ገባ፤ ማኅበሩም ትምህርት ቤትና መንገድ ለሕዝቡ እንዲደርስ ይጠይቅ ነበር። በ1966 ታሰረ፤ በ1975 በአዲሱ መንግሥት ተገደለ። በኮልፌ ሲለያዩ ለማንዴላ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጥቶት ነበር። ማንዴላ ሽጉጡን በጆሃንስበርግ አጠገብ በሪቮንያ በሊሊስሊፍ እርሻ ቀበረው፤ ኋላ በሰላሙ ዘመን ምድሩ ቢቈፈርም አልተገኘም።